ሻምፒዮን የሚያደርግም የሚያስቀጣም የአየር ሳጥን

ቀኑ ኦክቶበር 15 ቀን 1983 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው ደቡብ አፍሪካ፣ የኪያላሚ መወዳደሪያ ነው። የፎርሙላ ዋን የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ሊጀመር ነው። ፈረንሳዊው አለን ፕሮስት በሬኖ መኪና 57 ነጥብ ሰብስቦ ይመራል። ብራዚላዊው ኔልሰን ፒኬ በብራባም ቢኤምደብሊው 55 ነጥብ ይዞ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ለእግር ኳስ አፍቃሪ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። የመጨረሻው ሳምንት ጨዋታ፣ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የሁለት ነጥብ ልዩነት፣ ልብ የሚያቆም ቀን!

ፕሮስት 35ኛው ዙር ላይ ቱርቦው ሞተበትና መኪናውን አቁሞ ወረደ። ፒኬ ከዚያ በኋላ የሞተሩን ግፊት ቀንሶ፣ መኪናውን እያባበለ ሦስተኛ ሆኖ ገባ። ሦስተኛ መውጣት 4 ነጥብ ያስገኝ ስለነበር ውጤቱ 59 ለ57 ሆነ። በቱርቦ ሞተር የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን የመጀመሪያው ሰው ፒኬ ነው። ፕሮስት ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ከሬኖ ተባረረ። አሠልጣኝ ብቻ አይደለም እንግዲህ የሚባረረው።

ልብ በሉ፣ የተሸነፈውም ያሸነፈውም ባለ ቱርቦ ነበር። ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ዛሬ በዚህ ገጽ ከኳሱ ትንሽ ወጣ ብለን የምናወራው ስለዚህ ነው። በተለይም ማንም ስለማያየው፣ ኮፈኑ ሥር ተደብቆ ዋንጫ ስለሚያስገኝና ዋንጫ ስለሚያስነጥቅ አንድ ሳጥን።

ከፍታና ትንፋሽ

የኛ ሯጮች እንጦጦና ሱሉልታ ላይ ለምን እንደሚለማመዱ ሁላችንም እናውቃለን። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ሯጩ ሳንባውንና ደሙን በዚያ ያለማምዳል። የመኪና ሞተር ግን ልምምድ የሚባል ነገር አያውቅም። አየሩ ከቀነሰበት ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ አለቀ። ጅቡቲ ወደብ ላይ ፈረስ የነበረች መኪና ሽቅብ ወጥታ አዲስ አበባ ስትደርስ የምትደክመው ለዚህ ነው።

ቱርቦ ይህን ችግር ይፈታል። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንድ መዘውር ያሽከረክራል፣ ያ መዘውር በሌላው ጫፉ አየር ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። ውጪ ያለው አየር ቢሳሳም ቱርቦው የጎደለውን ይሞላል። ኪያላሚ ራሱ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ መወዳደሪያ ነው። ሬኖ በ1977 ሲልቨርስቶን ላይ የመጀመሪያዋን ቱርቦ መኪና ይዞ ሲመጣ እንግሊዞች እንዴት እንደሳቁባት! መኪናዋ ቢጫ ነበረች፣ በየጊዜው እየጨሰች ትቆም ስለነበር "ቢጫዋ የሻይ ጀበና" ብለው ስም አወጡላት። በ1979 ግን ዣን ፒየር ዣቡዊ በዚህችው ጀበና ከሁሉም ፊት ለመነሳት የበቃው የት መሰላችሁ? ኪያላሚ ላይ ነው። በቱርቦ ሞተር የተገኘ የመጀመሪያው የፊት መነሻ እሱ ነበር። በዚያው ዓመት ዲዦን ላይ የመጀመሪያውን ድል ሲያመጣ ሳቁ ቆመ።

ሌሎቹም ቱርቦ ፍለጋ መሯሯጥ ጀመሩ። የቢኤምደብሊው ኢንጂነር ፓውል ሮሽ ያዘጋጀው ሞተር አራት ሲሊንደር ብቻ ያላት፣ መጠኗ 1,500 ሲሲ የሆነች፣ ብሎኳ ከተራ የቤት መኪና የተወሰደ ሞተር ናት። ፒኬን ሻምፒዮን ያደረገችው እሷ ናት። በ1986 ለመነሻ ቦታ በሚደረገው ማጣሪያ ከ1,300 የፈረስ ጉልበት በላይ ትሰጥ እንደነበር ይገመታል። ይገመታል የምንለው የሞተር መለኪያው ማሽን እዚያ ድረስ ስለማይቆጥር ነው። ጉድ እኮ ነው!

ሳጥኑ

ቱርቦ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ያቺን የምታፏጭ፣ ቀንድ አውጣ የመሰለች ብረት ነው። እሷ የጠቀጠቀችው አየር ግን ዝም ብሎ ሲሊንደር ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ በራዲያተር መሳይ ማቀዝቀዣ ያልፋል። አየር ሲጠቀጠቅ ይሞቃል፣ ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ከ100 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል፣ ትኩስ አየር ደግሞ ለሞተር ጠላቱ ነው። ከዚያ ኢንቴክ ማኒፎልድ ወደሚባለው ይገባል። ማኒፎልድ ማለት አንድ ሳጥን፣ ከሳጥኑ ደግሞ ወደ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚሄዱ ቱቦዎች ናቸው። ነገሩን በኳስ ብናየው ቱርቦው ኳስ ነጣቂ፣ ሲሊንደሮቹ አጥቂዎች፣ ማኒፎልዱ መሐል ሜዳው ነው። አራት አጥቂ ይዘህ ኳሱ ሁሉ ለአንዱ ብቻ ከደረሰ ሦስቱ ቆመው ያያሉ።

ፋብሪካ የሚሠራው ማኒፎልድ ለቤት መኪና በቂ ነው። ፋብሪካው የሚያስበው ዋጋ እንዲቀንስ፣ ኮፈኑ እንዲዘጋ፣ ድምፁ እንዳይረብሽ ነው። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ከፕላስቲክ የተሠራ ነው። በዚያ ላይ ትልቅ ቱርቦ ጭነህ ግፊቱን ብትጨምርበት አይችልም። ስለዚህ በአውሮፓም፣ በአሜሪካም፣ በጃፓንም ውድድር የሚወዱ ሰዎች የራሳቸውን ማኒፎልድ በእጃቸው ይሠራሉ። ሥራው ደግሞ ከሩቅ እንደሚታየው ላሜራ አጥፎ መበየድ ብቻ አይደለም።

ሥራው የሚጀምረው ቴስታታው ላይ ከሚታሰረው ጠፍጣፋ ብረት ነው። ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አሉሚኒየም በጓርኒሲዮኑ ልክ ተቆርጦ ቀዳዳዎቹ ከቴስታታው ቀዳዳዎች ጋር መገጣጠም አለባቸው። እዚህ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ደረጃ ከቀረ አየሩ ይደናቀፋል። ቀጥሎ ያለው ጣጣ ብየዳው ነው። አሉሚኒየም በአርጎን ሲበየድ እሳቱ ያጣምመዋል። ልምድ ያለው ሰው ጠፍጣፋውን ብረት ከአንድ አሮጌ ቴስታታ ጋር በብሎን ጥርቅም አድርጎ አስሮ፣ ከዳር ወደ ዳር እየዘለለ፣ እያቀዘቀዘ ይበይደዋል። እንዲያም ሆኖ መጨረሻ ላይ ፊቱ በማሽን ተልጎ ካልተስተካከለ ጓርኒሲዮኑ አይዝም።

ቱቦዎቹ ላይ ደግሞ ክርክር አለ። ረጅም ይሁኑ አጭር? በ7,000 ዙር የሚሽከረከር ሞተር የእያንዳንዱ ሲሊንደር የአየር ቫልቭ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 58 ጊዜ ገደማ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ቫልቩ በተዘጋ ቁጥር እየገሰገሰ የነበረው አየር ግድግዳ መትቶ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሳጥኑ ጋ ደርሶ ደግሞ እንደገና ይመጣል። ይህ ማዕበል ተመልሶ ሲመጣ ቫልቩ ተከፍቶ ካገኘው በነፃ ተጨማሪ አየር ይገባል። ልክ ግድግዳ ላይ መትተህ የተመለሰችውን ኳስ ሳታቆም እንደመምታት ነው፣ ሰዓቷን ከጠበቅክ ትጠነክራለች። ረጅም ቱቦ ማዕበሉን ዝቅ ባለ ዙር ላይ ያደርሰዋል፣ ስለዚህ መኪናው ከመታጠፊያ ሲወጣ ይጎትታል። አጭር ቱቦ ከፍ ባለ ዙር ላይ ይጠቅማል። አንዳንዱ "ቱርቦ ካለ የቱቦው ርዝመት ምን ያደርጋል፣ ግፊቱ ራሱ ይገፋዋል" ይላል። ይሄ ስህተት ነው። ማዕበሉ ቱርቦም ኖረ አልኖረ አለ።

የቱቦው አፍ ሳጥኑ ውስጥ እንደ ጥሩምባ አፍ ክብና ሰፊ መሆን አለበት። ስለት የሆነ ጠርዝ ካለ አየሩ ሲገባ ይሽከረከርና መንገድ ይዘጋጋል። የሳጥኑ ስፋት ደግሞ ብዙዎቹ ሠሪዎች ከሞተሩ መጠን እኩል እስከ አንድ ተኩል እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያደርጉታል። ሁለት ሊትር ለሆነ ሞተር ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር መሆኑ ነው። በጣም ሲሰፋ ነዳጁን ረግጠህ ሳጥኑ እስኪሞላ መጠበቅ ይመጣል። በጣም ሲጠብ ሲሊንደሮቹ አየር ይሻማሉ።

ጥንካሬውስ? ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የሳጥኑ አንዱ ግድግዳ 40 ሴንቲ ሜትር በ12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 480 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። የቱርቦው ግፊት 1.5 ባር ቢሆን እያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይገፋል። ድምሩ ከ700 ኪሎ በላይ! በአንድ ላሜራ ላይ አንድ በሬ እንደማቆም ማለት ነው፣ ያውም በሬው ነዳጅ በረገጥክ ቁጥር የሚወጣና የሚወርድ። ጠፍጣፋ ግድግዳ ያብጣል፣ ከዚያ ብየዳው ይሰነጠቃል። ጎበዝ ሠሪ ሳጥኑን እንደ ግማሽ ቧንቧ ክብ የሚያደርገው ለውበት አይደለም።

ሥራው ሲያልቅ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተደፍነው በኮምፕሬሰር አየር ይሞላና የሳሙና ውሃ ይቀባል። ጎሚስታ ከመነዳሪ የሚፈልገው እንዴት ነው? እንደዚያው ነው፣ አረፋ የወጣበት ቦታ ይፈሳል ማለት ነው። ውስጡም በደንብ መታጠብ አለበት። ከብየዳ የቀረች አንዲት ጠብታ ወይም የሞረድ ፍቅፋቂ በቱቦው ሄዳ ፒስተን ላይ ካረፈች የብዙ ወር ሥራ በአንድ ጠዋት ያልቃል።

አራተኛው ሲሊንደር

ትልቁ አደጋ ግን ድምፅ የለውም። አየር የሚገባበት በር ሳጥኑ አንድ ጫፍ ላይ ነው እንበል። አየሩ ሲመጣ በፍጥነት ነው፣ የመጀመሪያውን ቱቦ አፍ ታክኮ ያልፍና መጨረሻ ላይ ካለው ግድግዳ ጋር ይጋጫል። እዚያ ጋ ይከማቻል። ስለዚህ ሩቅ ያለው አራተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ የበለጠ አየር ያገኛል። "ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ይጠቀም" ትሉ ይሆናል። ችግሩ ኢንጀክተሮቹ ለአራቱም እኩል ነዳጅ ይረጫሉ። ለአራተኛው አየሩ በዝቶ ነዳጁ አነሰበት ማለት ነው። ነዳጅ ያነሰበት ቱርቦ ሞተር ይግላል፣ ካንዴላው ሳያዘው ራሱ ይፈነዳል፣ ፒስተኑም አሉሚኒየም ነውና ይቀልጣል።

ክፋቱ ደግሞ የኦክስጅን መለኪያው ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፣ የሚቀመጠውም የአራቱ ጭስ ከተቀላቀለ በኋላ ነው። እሱ የሚያነበው አማካዩን ነው። ሦስቱ ትንሽ ነዳጅ በዝቶባቸው አንዱ እየተቃጠለ አማካዩ "ሁሉም ደህና ነው" ይላል። አራት ተማሪ ፈትነህ የክፍሉን አማካይ ብቻ ብታይ የወደቀውን አታገኘውም። ለዚህ ነው ሳጥኑ ወደ መጨረሻው እየጠበበ እንዲሄድ የሚሠራው፣ አየሩ ለየቱቦው እየተከፈለ ሲቀንስ መንገዱም አብሮ ይቀንስና ሁሉም ጋ የሚደርሰው ይቀራረባል። ገንዘብ ያለው ደግሞ በየጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ አንድ አንድ ሙቀት መለኪያ ይተክላል። አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ሲግል ካየ ለዚያ ሲሊንደር ብቻ ነዳጅ ይጨምርለታል። በዚህ ሥራ ላይ ገንዘብ ከሚጠፋበት ነገር ሁሉ ይሄኛው መለኪያ የሚቆጨኝ አይመስለኝም። ለሚያብረቀርቅ ላሜራ የሚወጣው ግን ይቆጨኛል።

ዳኛው ሳጥኑ ላይ ሲቀመጥ

የውድድር አዘጋጆች ነገሩ እንዳመለጣቸው ሲገባቸው ዳኛውን ሳጥኑ ላይ አስቀመጡት። በ1987 እያንዳንዱ የፎርሙላ ዋን ቱርቦ ሞተር ማኒፎልዱ ላይ ግፊቱ ከ4 ባር ሲያልፍ የሚከፈት ቫልቭ እንዲገጥም ታዘዘ። በ1988 ወደ 2.5 ባር ወረደ። በዚያ ዓመት ማክላረን ሆንዳ ከ16ቱ ውድድር 15ቱን ጠራርጎ አሸነፈ፣ አይርተን ሴናም ሻምፒዮን ሆነ። በ1989 ቱርቦ ጭራሽ ታገደ፣ ወደ ፎርሙላ ዋን የተመለሰው በ2014 ነው።

አሜሪካ ውስጥ ግን የካርት ውድድር ያንን ቫልቭ ይዞ ቀጠለ። እዚያ ነው እንግዲህ ማኒፎልድ ሠሪዎች ጥበባቸውን ያሳዩት። ቫልቩ የሚያውቀው ልክ አፉ ሥር ያለውን ግፊት ብቻ ነው። በፍጥነት የሚያልፍ አየር ደግሞ በጎን የሚገፋው ይቀንሳል፣ ሽቶ መርጫ የሚሠራው በዚሁ ነው። ስለዚህ የሳጥኑን ውስጥ ቫልቩ አፍ ሥር አየሩ እንዲሮጥ አድርገህ ከቀረጽከው ዳኛው "ግፊቱ ትንሽ ነው" ብሎ ያፏጫል አይልም፣ ሲሊንደሮቹ ጋ ግን ከተፈቀደው በላይ ይደርሳል። በጁን 2001 ዲትሮይት ላይ የካርት ኃላፊዎች ቫልቩን ከአየሩ ጎርፍ ከፍ የሚያደርግ ቀለበት ከሥሩ ይግባ ብለው በውድድሩ ሰሞን አዘዙ። ሆንዳና ፎርድ "በመሐል ጨዋታ ሕግ አይቀየርም" ብለው ተቃወሙ፣ ይግባኙም ለእነሱ ተፈረደ። ማን ትክክል ነበር? ሕጉ ላይ የተጻፈውን ካነበብን እነሱ ናቸው። ሆንዳ ከ2002 ውድድር በኋላ ካርትን ለቆ ሄደ።

አምስት ሚሊ ሜትር

የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ደግሞ ሌላ መላ ዘየደ። ግፊቱን ትቶ አፍንጫውን ያዘ። ከ1995 ጀምሮ ወደ ቱርቦው የሚገባው አየር በሙሉ 34 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት አንዲት ቀለበት ውስጥ እንዲያልፍ ተደረገ። አየር በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ፍጥነቱ የድምፅን ፍጥነት ከደረሰ በኋላ ምንም ያህል ብትስበው ከዚያ በላይ አያሳልፍም። በዚያች ቀዳዳ ባህር ጠለል ላይ የሚያልፈው በሴኮንድ 220 ግራም ገደማ አየር ነው። እዚህ አዲስ አበባ ላይ ብትገጠም 165 ግራም አካባቢ ይሆን ነበር። ቱርቦው የፈታው የከፍታ ችግር በዚች ቀለበት ምክንያት ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ቶዮታ በወቅቱ ትልቅ ስም ነበረው። ሴሊካው ካርሎስ ሳይንዝን በ1990 እና በ1992፣ ዩሃ ካንኩነንን በ1993፣ ዲዲዬ ኦሪዮልን በ1994 ሻምፒዮን አድርጓል። ጎረቤታችን ኬንያም ኢያን ደንካን የ1994ን ሳፋሪ ራሊ ያሸነፈው በሴሊካ ነው። በ1995 ግን ሳይንዝ ወደ ሱባሩ ሄዷል፣ እዚያ ከስኮትላንዳዊው ኮሊን ማክሬ ጋር ተጣምሯል፣ ቶዮታም ከኋላቸው አለ።

በኦክቶበር 1995 ካታሎኒያ ራሊ ላይ ተቆጣጣሪዎች የቶዮታን ቱርቦ አወረዱ። ያገኙት ነገር እስከ ዛሬ ይወራል። ቀለበቷ በሕጉ መሠረት 34 ነበረች። ነገር ግን የአየር ቱቦው በልዩ መሣሪያ ተስቦ ፋሸታው ሲጠብቅ ቀለበቷ ከቱርቦው በ5 ሚሊ ሜትር ትርቃለች። በዚያች ክፍተት አየር ቀለበቷን ሳይነካ በጎን ይገባል። ተቆጣጣሪ መጥቶ ቱቦውን ሲፈታ ደግሞ ውስጥ ያሉት ሞላዎች ቀለበቷን ጠቅ አድርገው ወደ ቦታዋ ይመልሷታል። የሚያየው ሁሉ ትክክል ነው! ሞላዎቹ ሳይቀሩ አየር እንዳያደናቅፉ ተወልውለው ነበር። የፊያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ማክስ ሞስሊ በ30 ዓመት የሞተር ስፖርት ሕይወታቸው እንደዚህ የረቀቀ ነገር አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ስድብም ምስጋናም ይመስላል።

ቅጣቱ ከባድ ነበር። የዓመቱ ነጥብ በሙሉ ተሰረዘ፣ ቡድኑ ለ12 ወር ታገደ። ካንኩነንም ኦሪዮልም መኪናውን ነዱ እንጂ ሞላውን አልሠሩም፣ ሆኖም የእነሱም ነጥብ አብሮ ሄደ። ለሻምፒዮንነት ሲፎካከር የነበረው ካንኩነን ባዶ እጁን ቀረ። ሳይንዝና ማክሬ እኩል 70 ነጥብ ይዘው ወደ እንግሊዙ የመጨረሻ ራሊ ሄዱ፣ ማክሬ አሸንፎ በ27 ዓመቱ የመጀመሪያው እንግሊዛዊ የዓለም ራሊ ሻምፒዮን ሆነ። ስኮትላንዳዊ ነው ብለን ብናርመው ደስ ይለዋል። በ2007 በሄሊኮፕተር አደጋ ሕይወቱ አልፏል።

ቶዮታ በ1999 የአምራቾችን ዋንጫ ወስዶ ከራሊ ወጣ፣ በ2017 ተመለሰ። በዚያው ዓመት ቀለበቷ ከ33 ወደ 36 ሚሊ ሜትር ሰፋችና መኪኖቹ 380 የፈረስ ጉልበት ደረሱ። በ2025 ደግሞ ወደ 35 ወረደች። አንድ ሚሊ ሜትር፣ በስፋት ሲሰላ ከአምስት በመቶ ትንሽ የሚበልጥ አየር ነው። ኢንጂነሮቹ ያንን ለማካካስ ማኒፎልዳቸውን ፈትተው ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጣቸው አይቀርም።